በእማማ ክሪሳንታ ቤት ያለው ዲያብሊቶ

በስምንት ዓመቴ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ጽፌ መልስ አግኝቻለሁ። ይህን ስናገር የከተማችን የሳን ሄላሲዮ ሰዎች አያምኑኝም። እናቴ የቧንቧ ውሃ እንዲገባላት ሰባት ዓመት፣ የክርስትና እናቴ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ እንዲገባላት ሦስት ዓመት አመልክተው ሁለቱም ያገኙት መልስ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር። የእኔ በሃያ ሦስት ቀን ተፈጸመ። ስለዚህ ሰዎች በመንግሥት ሥራ ቀርፋፋነት ሲቀልዱ አብሬ አልስቅም። ሲፈልግ እንዴት እንደሚሮጥ አይቼዋለሁ።

ሰፈራችን ላ ካንቴራ ይባላል፤ የድንጋይ ካባው እንደ ማለት። ቤቶቹ ገደሉ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቀዋል። መንገድ የለም፤ ከታች ከአስፋልቱ ተነስቶ ላይ ካባው አፍ የሚደርስ ሁለት መቶ ምናምን ደረጃ ብቻ ነው ያለው። መሬቱ ካርታ የለውም። ካርታ የሌለው ቆጣሪ አይገባለትም፤ ቆጣሪ የሌለው ደግሞ በሕጉ መሠረት ጨለማ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። ግን ማዘጋጃ ቤቱ በደረጃው ዳር የመንገድ መብራት ተክሎ ነበር። የሚያጠፋቸው ሠራተኛ ስላልተቀጠረ መብራቶቹ ቀንም ይበራሉ። በጠራራ ፀሐይ ስለሚበራው መብራት ማንም ተጠይቆ አያውቅም። የሚያስጠይቀው ከምሰሶዎቹ አናት ወደየቤቱ የሚወርደው ሽቦ ነበር።

ያ ሽቦ በአገራችን ዲያብሊቶ ይባላል፤ ትንሹ ዲያብሎስ። ዋናው መስመር ላይ እንዲንጠለጠል ጫፉ እንደ ቀንድ ስለሚቆለመም ነው ይላሉ። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚያውቀው ቃል ነው። እኔ ብቻ አላውቀውም ነበር፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት ዲያብሊቶ አልነበረም። የእኛ «እርዳታ» ነው የሚባለው።

«ቪና፣ ነፋሱ እርዳታውን አላቆት እንደሆነ ወጥተሽ እይልኝ» ትለኛለች እናቴ፣ አምፖሉ ሲርገበገብ። እወጣለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ «አለ!» ብዬ እጮኻለሁ። የባለሱቁ «ማራዘሚያ» ይባል ነበር። ደረጃው አናት ላይ የሚኖሩት አሮጊት «የልጄ ስጦታ» ይሉታል፤ የሰቀለላቸው ልጃቸው ስለሆነ። በላ ካንቴራ ዲያብሊቶ ያለው ሁልጊዜ ጎረቤት ቤት ነው።

የእኛ ጎረቤቶች ደግሞ የክርስትና አባቴና የክርስትና እናቴ፣ እማማ ክሪሳንታ፣ ነበሩ። አባባ የምለው ዶን ኤሊዮዶሮ በካባው ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ፈልጧል። «ደረቱ ውስጥ ድንጋይ ገብቷል» ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ ጠጠር ነበር የሚመስለኝ፤ ሲያስል አጠገቡ ቁጭ ብዬ የሚወድቀውን እጠብቃለሁ። በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ዶሚኖ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲያጭበረብር ስይዘው «ትልቅ ሰው ማጭበርበር ነውር ነው፤ ልጅ ማጭበርበር ግን ማስተማር ነው» ይለኛል። ወላጅ አባቴ ወደ ሰሜን ድንበር ተሻግሮ እንደ ወጣ ስለቀረ፣ ዋናውም አባት መጠባበቂያውም እሱ ነበር።

አንድ ዓመት የዝናቡ ወራት ሲገባ ወደ በሩ መውጣት ተወ። መጋረጃው ተዘጋ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ሲተነፍስ እሰማለሁ። ህፍፍፍ... ቱክ። ህፍፍፍ... ቱክ። የሰው ትንፋሽ እንዲህ አይመጣጠንም።

ምስጢሩን ያገኘሁት ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። እናቴና እማማ ክሪሳንታ ጎን ለጎን ቆመው አንሶላ ሲያሹ፣ እኔ ከሥራቸው በአረፋ እጫወት ነበር።

«እንዴት አደረልሽ አበልጄ?» አለች እናቴ።

«በዲያብሊቶው ነዋ የሚያድረው! ትናንት ተቆጥቶ እሳት ተፋ፣ ቦግ ብሎ ጠፋ። ወጥቼ በመጥረጊያ እንጨት እስክመልሰው ድረስ የኤሊዮዶሮ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ።»

«የጓዳሉፔ እመቤት ያለሽ!»

«ያለ ዲያብሊቶው ግማሽ ቀን አይቆይም። ነፍሱን የያዘው እሱ ነው።»

«ወንድም ሳቢኖ እኮ ከቆጣሪዬ መስመር ልሳብላችሁ ብሎ ነበር። ምናለ እሺ ብትሉት?»

«ከሃሌሉያ? ዛሬ መብራት ይሰጡኝና ነገ ኤሊዮዶሮን በርሜል ውስጥ ዘፍቀን ካላጠመቅን ይሉኛል!»

«ይዝፈቁታ። ገላውን ከታጠበ ስንት ጊዜው ነው?»

ሳቁ። እማማ ክሪሳንታ ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ በእርጥብ እጇ ጀርባዋን እየደባበሰች «ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች» አለቻት።

«ብትሰማስ ምን ይገባታል?»

እውነቷን ነበር። ለእኔ የገባኝ ይህ ነው፦ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሲቆጣ እሳት የሚተፋ፣ የክርስትና አባቴን ነፍስ የያዘ ትንሽ ዲያብሎስ ተቀምጧል።

ወንድም ሳቢኖ ያሉት ልብስ ሰፊ ነበር። በካባው አፍ አጠገብ በቆርቆሮ የተሠራች ጸሎት ቤት ነበረችው። ቦታዋን በሕጋዊ ወረቀት ስለገዛ፣ በላ ካንቴራ ብቸኛው ቆጣሪ የእሷ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው። ሰፈሩ በሙሉ ካቶሊክ ነው፤ እሱንና ተከታዮቹን «ሃሌሉያዎቹ» ይላቸዋል። ሰፈሩ ሃይማኖታቸውን ይቅር ሊላቸው ይችል ነበር፤ ቆጣሪያቸውን ግን አልቻለም።

እሑድ እሑድ ድምፅ ማጉያው ገደሉን ያናጋዋል። «አንተ ርኩስ መንፈስ፣ በኢየሱስ ስም ውጣ!» እኛ ልጆች በቆርቆሮው ቀዳዳ እናያለን። ሰይጣን የሚወጣለት ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አየር ያጥረዋል። ደረቱ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ ዓይኑ ይገለበጣል፤ በመጨረሻ ጸጥ ይላል። ወንድም ሳቢኖ ላቡን ጠርጎ «ነፃ ወጣ!» ሲል ምእመኑ ያጨበጭባል። ቅደም ተከተሉን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ይዤው ነበር።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፖስተር ተለጠፈ። ሁለት ቀንድ ያለው ቀይ ዲያብሎስ፣ ረጅም ጅራት፤ የጅራቱ ጫፍ የመብራት መሰኪያ ነው፤ እኔ የአሳማ አፍንጫ ነበር የመሰለኝ። ከሥሩ «በአካባቢህ ዲያብሊቶ አለ? አጋልጥ! ስምህ አይጠየቅም፤ ምስጢር ይጠበቃል። የሳን ሄላሲዮ ማዘጋጃ ቤት» ይላል። አጠገቡ አፉ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሳጥን ተሰቅሏል። እኔም ማዘጋጃ ቤቱ በመጨረሻ ለሰው ነፍስ ማሰብ ጀመረ ብዬ ደስ አለኝ።

ያም ሆኖ ሳላይ አልጽፍም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ለበቆሎ መቀቀያ ኖራ እንድዋስ ላከችኝ። እማማ ክሪሳንታ ኖራውን ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ መጋረጃውን ገለጥኩ። ግራጫ ነው፤ ሻንጣ ያህላል፤ ግንባሩ ላይ አንድ ቀይ ዓይን አለው። ጥቁር ጅራቱ በመስኮት ወጥቶ ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ሌላ ቀጭን፣ እንደ አንጀት ውስጡ የሚታይ ጅራት ከፊቱ ወጥቶ በክርስትና አባቴ በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳ ገብቷል። አባባ ተኝቷል፤ ጥፍሮቹ ወይን ጠጅ ሆነዋል። ያ ነገር ህፍፍፍ ሲል ደረቱ ይነሳል፣ ቱክ ሲል ይወርዳል። እየጠጣው ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ዋና ከተማ ዩኒቨርሲቲ እየተማርኩ፣ የታመመች ጓደኛዬን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ ያንኑ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሰማሁ። ነርሷን ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ኦክስጅን መስጫ ነው። ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን እየለየ ለበሽተኛው ያቀብለዋል።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መጠባበቂያ ሲሊንደር አለ።»

«እሱም ሲያልቅስ?»

ነርሷ ሥራ ነበረባት፤ ትታኝ ሄደች።

ማመልከቻውን ከሒሳብ ደብተሬ በቀደድኩት ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ። «ለተከበረው ማዘጋጃ ቤት። በላ ካንቴራ፣ ከሱቁ በላይ አረንጓዴ በር ባለው ቤት ውስጥ አንድ ዲያብሊቶ አለ። ጅራቱ ምሰሶው ድረስ ይደርሳል። ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል። የዶን ኤሊዮዶሮን ነፍስ ይዟል። እባካችሁ በኢየሱስ ስም አውጡት። ዶን ኤሊዮዶሮን ግን እንዳትነኩት፤ ጥሩ ሰው ነው።» አጥፌ ሰማያዊው ሳጥን አፍ ውስጥ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ምስጢር ይጠበቃል ይል የለ! ከተናገርኩ ዲያብሎሱ እንደማይወጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

የመጡት ማክሰኞ ረፋድ ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ከታች አስፋልቱ ላይ ቆመ። መሰላል የተሸከሙ ሁለት ሠራተኞች፣ ሁለት ፖሊሶችና ኢንጂነር ባራሃስ የሚባል ወፍራም ሰው ወረዱ። ከሱቁ በር ፉጨት ተሰማ፤ ከላይ ሌላ ፉጨት መለሰ። ኢንጂነሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰፈሩ ሽቦውን ሰበሰበ። እናቴ በመጥረጊያ እንጨት የእኛን ከመስመሩ አውርዳ፣ ጠቅልላ፣ ፍራሹ ሥር ወሸቀችው።

«እርዳታውን ለምን አወረድሽው?»

«ላጥበው ነው። ዝም በይ።»

ማውረድ ያልቻለችው እማማ ክሪሳንታ ብቻ ነበረች። የእሷ ሥራ ላይ ነበር።

«ሴኞራ ክሪሳንታ ነዎት?» አለ ኢንጂነሩ፣ አረንጓዴው በር ላይ ሲደርስ።

«አዎን ኢንጂነር!» ፊቷ በራ። «ቆጣሪውን ይዘው መጡልኝ?»

«እሱ በሂደት ላይ ነው። እኛ የመጣነው ስለ ሽቦው ነው።»

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ገብታ ወረቀት ይዛ ወጣች። «ባለቤቴ በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ይኸው የሐኪም ወረቀት፤ ማህተም አለው።»

«ማህተሙ የጤና ነው፣ ሴኞራ። የእኔ ክፍል የመንገድ መብራት ነው።»

«ሌላ ዘዴ እስክፈልግ አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ይሞትብኛል!»

«ጥቆማ ባይመጣ አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር። ይኼ ግን በመዝገብ ቁጥር የገባ ነው፤ መልስ ይፈልጋል።»

«ማነው የጠቆመው?»

«ምስጢር ነው። ስምም የለውም።» ይህን ብሎ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ጽሑፉ ቢሮ ውስጥ ብዙ እንዳሳቃቸው ያስታውቃል፤ አላስቻለውም። ከማህደሩ ወረቀቱን መዝዞ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ጅራቱ አነበበ። ስለ ትንፋሹ አነበበ። አንዱ ፖሊስ አፉን በቆቡ ሸፈነ። «"እባካችሁ በኢየሱስ ስም አውጡት"!»

እናቴ ከኢንጂነሩ ክንድ አጠገብ ነበረች። ወረቀቱን አየች። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ አተኩራ አየችኝ። ፀጉሬን ማበጠሬን የምታረጋግጥ መስሎኝ በእጄ አስተካከልኩት። ወዲያው በሩ ላይ ወደተሰበሰበው የሰፈር ሰው ዞራ ጮኸች።

«በኢየሱስ ስም! ሰማችሁ? በዚህ ሰፈር እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማነው? ሃሌሉያው ነው!»

«ሳቢኖ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ቆጣሪ ላለው ሰው ምን ቸገረው!»

«"ዶን ኤሊዮዶሮን ግን እንዳትነኩት፤ ጥሩ ሰው ነው" ይላል ደግሞ» አለ ኢንጂነሩ።

«ይሁዳም ስሞ ነው የሸጠው!» አለ ባለሱቁ።

ሥራዬን ለሌላ ሰው ሲሰጡት ቅር አለኝ። ቢሆንም ምስጢር ምስጢር ነው። መሰላሉ ምሰሶው ላይ ተደገፈ፤ ጅራቱ ተቆረጠ። ከመጋረጃው ጀርባ ህፍፍፍ ብሎ ጀመረና ቱክ ሳይል ቀረ። ቀዩ ዓይን ተከደነ።

እማማ ክሪሳንታ ሮጣ ገብታ አልጋው ሥር ያለውን ሲሊንደር ከፈተች። እናቴ ተከተለቻት፤ እኔም ገባሁ።

«ይኼ ምን ያህል ይቆያል?»

«ሦስት ሰዓት። ቢበዛ አራት።»

«አይዞሽ አበልጄ፣ አሁን ይሄዳሉ። እንደሄዱ የእኛን እርዳታ እሰቅልልሻለሁ። ጥላቸው ሳይጠፋ ነው የምሰቅለው።»

አልሄዱም። ባለሱቁ፣ የራሱን ማራዘሚያ እንዳይጠረጥሩ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ቢራ ጋበዛቸው። ሚስቱ የአሳማ ሥጋ ጠበሰችላቸው። ሌላዋ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ላከች፤ ሌላዋ የተፈጨ ቃሪያ። ላ ካንቴራ ለማንም እንዲያ ደግሶ አያውቅም። ፖሊሶቹ ሱቁ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ፊታቸውን ወደ ምሰሶዎቹ አዙረው ይበላሉ። ሃያ ስምንት ቤት ፍራሹ ሥር ሽቦ አለው፤ አንዱም ማውጣት አልደፈረም። አምቡላንስ ተደወለ። ከተማዋ ያላት አንድ አምቡላንስ ወላድ ይዞ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ሄዷል፤ ሲመለስ ይመጣል ተባለ።

ቀትር ሲያልፍ ወንድም ሳቢኖ መጣ። የልብስ መለኪያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሦስት ሰዎች ከኋላው የጸሎት ቤቱን በር ነቅለው ተሸክመዋል።

«እማማ ክሪሳንታ፣ እሱንም ማሽኑንም በዚህ እንሸከማቸው። አርባ ደረጃ ነው። እኛ ጋ መብራት አለ።»

እማማ ክሪሳንታ በሩን አየች፤ ሳቢኖን አየች፤ ከዚያ እናቴን አየች።

«አበልጄ... ምን ላድርግ?»

እናቴ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። «ራስህ አስቆርጠህ ራስህ ልታድን መጣህ?» አለችው።

«እኔ አልጻፍኩም እህቴ ኤውላሊያ። እኔ ዲያብሊቶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሽቦ ነው። ሰዎች የነገሩኝ ልክ ከሆነ፣ ያንን የጻፈው ሰው ሽቦ መሆኑን እንኳ አያውቅም። እስቲ አስቡት፣ በዚህ ሰፈር ይኼን የማያውቅ...»

«ውጣ!» እናቴ እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ከከሳሽ እጅ አየር አንቀበልም! አበልጄ፣ እንዳትሰሚው። መኪናዋ አሁን ትሄዳለች። አሁን።»

ከደረጃው ላይ ማን እንደወረወረው ያልታወቀ ድንጋይ መጥቶ የተሸከሙትን በር መታው። ሰዎቹ በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሳቢኖ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቀ። ሁለተኛው ድንጋይ ጆሮውን ሲሰነጥቀው፣ በሩን እዚያው ትተውት ወጡ።

እኔ ውስጥ ነበርኩ። የሲሊንደሩ ሽውታ እየቀጠነ ሄደ። አባባ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ አየር አጠረው። ሁለተኛው። እማማ ክሪሳንታ በካርቶን ታራግብለታለች፤ እናቴ በየደቂቃው ወጥታ ቁልቁል እያየች ትመለሳለች። እኔ እጁን ይዤ «አይዞህ አባባ፣ ሊወጣ ነው» አልኩት። ዓይኑን ከፍቶ አየኝ፤ ሊናገር ፈለገ፤ ቃሉ አየር አላገኘም። ደረቱ ተነሳ፣ ወደቀ። ተነሳ፣ ወደቀ። ዓይኑ ተገለበጠ።

ጸጥ አለ።

እንደሚገባው ተነስቼ ቆምኩ፤ የወንድም ሳቢኖን ድምፅ አስመስዬ «ነፃ ወጣ!» አልኩ። አጨበጨብኩም።

ከእማማ ክሪሳንታ እጅ ካርቶኑ ወደቀ። እናቴ ከበሩ ሮጣ መጥታ አፌን በመዳፏ አፈነችው፤ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከታች የመኪናዋ ጡሩምባ ተሰማ። ኢንጂነሩ ስለ ምሳው እያመሰገነ ነበር።

ሬሳውን ወደ አስፋልቱ ያወረዱት ሳቢኖ በተወው በር ላይ ነው፤ ሌላ የሚያክል ሳንቃ አልተገኘም። በማግሥቱ ሃያ ስምንቱም ሽቦ ምሰሶው ላይ ተመልሶ ነበር። የሃሌሉያዎቹን ቆጣሪ በካባ ድንጋይ አደቀቁት። ወንድም ሳቢኖ እስከ መስከረም ቆየ፤ ከዚያ የልብስ ስፌት መኪናውን ተሸክሞ፣ ሚስቱ ድምፅ ማጉያውን ተሸክማ ወረዱ። የማዘጋጃ ቤቱ የሩብ ዓመት ሪፖርት ከሳጥኑ አጠገብ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። ከላ ካንቴራ የቀረበ ጥቆማ፦ አንድ። እልባት ያገኘ፦ አንድ።

ለሦስት ዓመት ያህል የክርስትና አባቴ ነፃ ወጥቶ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ዐሥራ አንድ ሲሞላኝ እናቴ ቁመትሽ ደርሷል ብላ እርዳታውን መስቀል አስተማረችኝ። «ቀንዱን እንዲህ ቆልምሚው» አለችኝ። ምሰሶው ሥር ሽቦውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ምነው፣ ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ፤ መብራቱን ማለቷ ነው። አልያዘኝም አልኳት።

ባለፈው ጥር ወደ ላ ካንቴራ ሄድኩ። አሁን ሁሉም ቤት ቆጣሪ አለው። እማማ ክሪሳንታ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ከእኛ ቤት ሰው እጅ ካልሆነ አትበላም። እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደች ታበላታለች። እሷ ሾርባ ስትቀዳ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ ሃያ አራት ዓመት የያዝኩትን ተናገርኩ።

«እማ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀና አላለችም። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰውዬው ከማህደሩ ሲያወጣው ጀምሮ። ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ፤ እጅሽ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ሳቢኖን...»

«ሳቢኖ ትልቅ ሰው ነው፤ ሙያ አለው፤ የትም ሄዶ ይኖራል። አንቺ ስምንት ዓመትሽ ነበር። የት ትሄጂልኝ ነበር?»

«በሩን ይዞ ሲመጣ ግን፣ እማ። አርባ ደረጃ ነበር እኮ።»

ጭልፋውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች።

«መኪናዋ አሁን ትሄዳለች ብዬ ነበር» አለች። «ይኸው እስከ ዛሬ አሁን ትሄዳለች እያልኩ ነው።»

«ዛሬ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት።» ሳህኑን አነሳችና ሰጠችኝ። «መጀመሪያ ግን አብያት። ከነገርሻት በኋላ ከእኛ እጅ አትቀበልም።»

አረንጓዴውን በር ገፍቼ ገባሁ። እማማ ክሪሳንታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ የእናቴ እንዳልሆነ አወቀች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቪናዬ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ሰማሁሽ እኮ ልጄ፣ ስንቴ ትያለሽ?» ብላ አፏን ከፈተች። ማንኪያውን ሞላሁ፤ ትኩስ ነበር፤ እፍ አልኩበት።